ጨው ይቀረዋል

ምሥራቅን ሊያሳብዳት የደረሰው ሁለት ቃል ነው፤ «ጨው ይቀረዋል»። ሌላ ሰው ቢለው ስቃ ታልፈው ነበር። የሚሉት ግን አማቷ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ናቸው፤ የሚሉትም በሰው ፊት ነው፤ የሚሉትም ስለ ስልጆዋ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ቆሽቷ ያርራል።

ስልጆን የማያውቅ ካለ ይስማ። በሁዳዴ፣ መጋቢት ላይ፣ የላስታ ፀሐይ ድንጋዩን አግሎ አፍ ሲያደርቅ፣ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ውሎ ያው የትናንቱ ሽሮ ሲቀርብለት ጉሮሮው እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ስልጆ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ጤና አዳሙ ይገባበታል፣ ከዚያ በማሰሮ ታሽጎ ይሰነብትና ኮምጠጥ ይላል። በእሱ እያጠቀሰ የሚበላ ሰው ሽሮውን መቼ እንደጨረሰው አያውቅም።

በዚህ ሙያ ገነተ ማርያም ውስጥ የእማሆይን ቤት የሚስተካከል የለም። ዝናው ላሊበላ ደርሷል፤ ኩልመስክ ገበያ ላይ ሲወራ የሰማም አለ። ለደብረ ዘይት እሑድ የሰንበቴው ስልጆ የሚወጣው ከዚያ ቤት ነው፤ ከእማሆይ አያት ጀምሮ እንደዚያ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴተኛው ዳቦውን ይዞ ይቀመጣል፣ ማሰሮው ይከፈታል፣ ግን ማንም እጁን አይሰድም። ሰንበቴውን የሚመሩት መሪጌታ ምሥጋናው መጀመሪያ «እማሆይ፣ ደርሷል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እማሆይ ይቀምሳሉ። ደርሷል ካሉ ይበላል።

ታዲያ ባቄላውን የምትከካው፣ ሱፉን የምትወቅጠው፣ ሰናፍጩ ዓይኗን እያነደደው የምትፈጨው ማን ናት? ምሥራቅ ናት። እማሆይ ከመነኮሱ ወዲህ ማማሰያ ነክተው አያውቁም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ የእማሆይ ስልጆ ነው። ላሊበላ ሆቴል የምትሠራው የገዛ ልጇ እየሩስ እንኳ በቀደም ደውላ፣ እንግዶቹ ፀሐይ ሲበረታ ሰገነት ላይ ተቀምጠው ሰላጣውንና ድንቹን እሷ በላከችው ስልጆ እያጠቀሱ እንደሚበሉ ነገረቻት። ምሥራቅ ደስታዋን ሳትጨርስ፣ በምግብ ዝርዝሩ ላይ «የእማሆይ ስልጆ» ተብሎ እንደተጻፈ ጨመረችላት። «እሰይ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ማማሰያውን ወረወረችው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እማሆይ በሕይወት እያሉ፣ በሰንበቴው ፊት፣ «የምሥራቅ እጅ ነው» እንዲሉላት። ወርቅ አልጠየቀች፣ መሬት አልጠየቀች። ሦስት ቃል ነው። አሮጊቷ ግን ሁለቱን ቃል ይዘው ሙጭጭ ብለዋል።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ቁርጥ ሆነ። ሁዳዴ በተያዘ ሰሞን እማሆይ ከመደባቸው ላይ ሆነው፣ ከእንግዲህ እንደደከማቸውና በደብረ ዘይት ማሰሮውን በሰንበቴው ፊት ለሚገባው ሰው እንደሚያስረክቡ ተናገሩ። ለሚገባው! ምሥራቅ እዚያው ፊታቸው እጇ ዱቄት እንደሆነ ቆማ እያለች፣ ለሚገባው ማለት ምን ማለት ነው? ሌላ ማን አለ?

ሌላማ አለች። የእማሆይ የእህት ልጅ ሰርክአዲስ ይኼን ከሰማች በኋላ እግሯ ከቤቱ አልጠፋም። ወንፊት ልትዋስ ትመጣለች፣ ወንፊት ልትመልስ ትመጣለች፣ ምክንያት ሲያልቅባት እማሆይ እንዴት አደሩ ልትል ትመጣለች። ስትመጣ ደግሞ የማሰሮውን ክዳን ሳታነሳ አትሄድም። ምሥራቅ በሆዷ ይቺ ሴት የራሷ ማሰሮ የላትም ወይ ትላለች። በአፏ ግን ግቢ፣ ተቀመጪ ነው የምትለው፤ እሷ ራሷ የቄስ ሚስት ናትና ሌላ ምን ትላለች።

እማሆይ በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረች ጨው በነጠላቸው ጫፍ አስረው ይዞራሉ። የዚያ ቤት ልማድ ነው። ስልጆ ጨው የሚገባበት ማሰሮው ሲከፈት ነው፣ ቀድሞ ከገባ አያስኮመጥጠውም ይላሉ፤ ስለዚህ የጨው ቋጠሮዋን የምትይዘው የቤቱ ባለሙያ ናት። እናታቸው ይዘዋት ነበር፣ ከዚያ እሳቸው ያዟት። ምሥራቅ አሁን ጨው የምትጨምረው ከጓዳዋ ጣሳ ነው። ቋጠሮዋ የምትፈታው እሷ ጨምራ ስታበቃ፣ አማቷ ቀምሰው፣ «ጨው ይቀረዋል» ብለው፣ ሰው ሁሉ እያየ ሲበትኑበት ነው። አምናም ይኼው ነበር፣ ካቻምናም ይኼው ነበር። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ ይባል የለ? ምሥራቅ ይኼን ተረት ለማንም ሳትናገር ስንት ጊዜ ዋጠችው።

ዘንድሮ ሁለት ማሰሮ ነው የጣለችው፤ ትልቋ ለሰንበቴ፣ ትንሿ ለቤት። ትንሿ በየቀኑ ትከፈታለች። የምግብ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ማንም አይቀምስም፤ ጾም ነዋ። ምሥራቅ ጨው የምትጨምረው በእጇ ልክ፣ በልምድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ የሚቀርበው ለእማሆይ ነው፤ እማሆይ በእንጀራ ጨልፈው ይጎርሳሉ፣ ያላምጣሉ፣ ወደ ላይ ያያሉ፣ ከዚያ ያቺን ሁለት ቃል ይላሉ። ምሥራቅ ትቀምሰዋለች። ጨው አለው! ደህና አድርጎ አለው! ግን አማት ናቸው፣ መነኩሴ ናቸው፤ አይከራከሯቸውም። ትጨምራለች። ከዚያ ቄሱ ባሏ መምሬ የኔሰው ይበላሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ውሃ ይጠጣሉ።

መምሬ የኔሰው የተባረኩ ሰው ናቸው፣ ግን ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆኑም። እናታቸውን አይናገሩ፣ ሚስታቸውን አይናገሩ፤ ነገር ሲከር ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ይደግማሉ። አንድ ቀን ምሥራቅ አላስችላት ብሎ፣ በማርያም ይፍረዱኝ፣ ጨው አንሶታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡና የዘንድሮ የምንጭ ውሃ እንዴት ይጥማል አሏት። እርር ድብን አለች።

ረቡዕ ዕለት ሰርክአዲስ እዚያው ነበረች። እማሆይ ቀመሱ፣ ወደ ላይ አዩ፣ ጨው ይቀረዋል አሉ። ሰርክአዲስም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የሚለውን ተረት አወረደችው። ለእማሆይ ብቻ የተናገረች መስላ ነው፣ ግን ዓይኗ ምሥራቅ ላይ ነበር። አስከትላም እሷ ስታዘጋጅ ጨው አንሷት እንደማያውቅ ነገረቻቸው። እማሆይም «ይሆናል» አሉ። ምሥራቅ ውሃ ላምጣ ብላ ወጣችና ከአጥሩ ሥር ቆማ አለቀሰች። የምታለቅሰው ከንዴት ነበር፣ ማንም ቢያያት ግን ሰናፍጩ ነው ልትል ተዘጋጅታ ነበር።

ዓርብ ዕለት ያደረገችውን እንግዲህ እግዜር ይፍታት። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐዩ አናቷን ሲበሳት ውሏል፣ ምግብ አልቀመሰች፣ ሰርክአዲስ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለት ጊዜ ክዳን አንስታለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ የእማሆይን ስልጆ ለብቻ በጣባ ቀዳች። ከዚያ ከጨው ጣሳው አንድ ጭብጥ ሙሉ ዘግና ጨመረችበት። እስኪሟሟ አማሰለችው። ይኸው እማሆይ፣ ዛሬስ ይቀረዋል? አለች በሆዷ። ምላሳቸውን ሲቆነጥጣቸው፣ ሲተፉት፣ በዛ ሲሏት ለማየት ከፊታቸው ቁጭ አለች።

እማሆይ አማተቡ። በእንጀራ ጨለፉ። ጎረሱ። ደገሙ። ፊታቸው አልተቋጠረም፣ ውሃ አልጠየቁም። ሦስተኛ ጎረሱ፤ ጣባውን በመጨረሻዋ ቁራሽ ጠርገው በሉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ላይ አዩ።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። «ጨው ግን ትንሽ ይቀረዋል።»

ምሥራቅ ጣባውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከጠርዙ የቀረችውን በጣቷ ነክታ ወደ ምላሷ ብታስጠጋት አንገፈገፋት። ያንን ውሻ አይበላውም። ሰው ሆኖ፣ ምላስ ኖሮት፣ ያንን ጠርጎ የሚበላ የለም።

እዚያው ጓዳ ውስጥ ተቀመጠች። ካቻምና እማሆይን አልጋ ላይ ጥሏቸው የከረመው ያ ክፉ ጉንፋን ትዝ አላት። ከዚያ ወዲህ ነው ጨው ይቀረዋል ማለት የጀመሩት። ከዚያ ወዲህ ነው ቤት ውስጥ ወጥ ሲያርር ከአጠገቡ ተቀምጠው ዝም የሚሉት፣ እሷም ዝምታቸውን ተንኮል ነው ብላ ስትንጨረጨር የኖረችው። ሰናፍጭ ሲበረታ ብቻ ነው ፊታቸው የሚፈካው፤ እሱ አፍንጫ ያነድዳል እንጂ ጣዕም አይጠይቅም። ለካ ሴትዮዋ የሚቀምሱት ነገር የላቸውም! ጨው ይቀረዋል ማለቱም የብልጥ ነው፤ በዛ ቢሉ የቀመሰ ሁሉ ይሟገታቸዋል፣ ይቀረዋል ቢሉ ግን ትንሽ ተጨምሮበት ነገሩ ያልፋል። አገር ሙሉ በምላሳቸው የሚያውቃቸው ሴት ምላሳቸው ሲከዳቸው ሌላ ምን ይበሉ?

አዘነችላቸው። ማዘኗ ደግሞ የባሰ አናደዳት። ይኼን ሁሉ ጊዜ ቆሽቷን ሲያሳርሯት ኖረው፣ አሁን ልትጠላቸው እንኳ አልተመቿትም። ምናለ አንዴ «ምሥራቅ፣ አልቀምስም» ቢሏት? ትደብቅላቸው አልነበር? ከሰርክአዲስ ጋር ሆነው ከሚያሳዝኗት!

ለማንም አልተናገረችም፤ ለመምሬም አልነገረቻቸው፣ ዳዊት ከማስደገም በቀር ምን ይፈይዳል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሐሳብ ይዟት ዋለ። አንዱ ሐሳብ እንዲህ ይላል፤ ነገ በሰንበቴው ፊት ያቺን ሁለት ቃል ካሉ፣ ተነሺና እሳቸው ጨውና አመድ አይለዩም በይ፤ ስሙም ማሰሮውም ያንቺ ይሆናል፣ የሰርክአዲስም አፍ ይዘጋል። ሌላው ሐሳብ ምንም አይልም፤ ጣባውን ጠርገው ሲበሉ ብቻ ያሳያታል። እሷም ጥርሷን ነክሳ፣ ነገ ካሉኝስ አወጣዋለሁ፣ ማርያምን አወጣዋለሁ አለች። ይኼን እያለች ግን እጇ ሰናፍጭ ይፈጭ ነበር። ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ኃይለኛ፣ በሬ የሚያስለቅስ ሰናፍጭ ፈጨችና በትንሽ ቅል ለብቻ አስቀመጠችው።

እሑድ ማለዳ ትልቋን ማሰሮ ከፈተች። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሥራዋ አላሳፈራትም። ጨው መጨመር ቀረ። ቅዳሴ ሳይወጣ መቅመስ የለም፤ እንደ ሁልጊዜው በእጇ ልክ ነው። ጣሳው ውስጥ እጇን ስትከት ግን የዓርቡ ጭብጥ ጨው ትዝ አላትና እጇ ታሰረ። አንድ ቆንጠር አደረገች። ሌላ ልትጨምር ብላ ተወችው። መምሬ የኔሰው ከደጅ ሆነው ደወሉ ተደውሏል፣ ጨርሰሽ እንደሆነ እንሂድ ሲሉ፣ ጨርሻለሁ አለች።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። መሪጌታ ምሥጋናው ጸሎት አደረሱ። ሰርክአዲስ ከእማሆይ ጎን ጉብ ብላ ነጠላቸውን ታስተካክልላቸው ነበር፤ ማሰሮው ገና ሳይሰጣት ለመሸከም የተዘጋጀች ትመስል ነበር። ምሥራቅ ለሁሉም በየሳህኑ ቀዳች። ለእማሆይ ስትደርስ ከማሰሮው ቀዳችና፣ ያቺን የቅል ሰናፍጭ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ አፈሰሰችበት፣ በጣቷም አዋሐደችው። ጎንበስ ብላ ከፊታቸው አኖረችው።

«እንግዲህ እማሆይ» አሉ መሪጌታ፣ «ደርሷል ወይ?»

ሰው ሁሉ ዳቦውን ይዞ ጠበቀ። አንዳንዱማ ያቺን ሁለት ቃል እየጠበቀ ፈገግ ማለት ጀምሯል። ምሥራቅ ማሰሮውን እንደታቀፈች ቆማ፣ ልትናገረው ያለችው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር።

እማሆይ ዳቦውን ነክረው ጎረሱ። ሰናፍጩ አፍንጫቸውን ሰነጠቀው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ትንፋሻቸው ተቆረጠ፣ ጉንጫቸው ቀላ፤ ፊታቸው ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ። ካጠገባቸው ያለውን የሰርክአዲስን ሳህን አዩ፤ የሷ ነጭ ነው፣ የሳቸው ቢጫ። ከዚያ ቀና ብለው ምሥራቅን አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። አወቀች፣ ማለታቸው ነው። ምሥራቅም ዓይኗን አልሰበረችም።

«መሪጌታ፣ እኔን አይጠይቁኝ» አሉ እማሆይ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምላሴ ሞቷል። ጨው ይሁን አመድ አልለይም። አፍሬ ነው የደበቅኋችሁ። ስልጆው የምሥራቅ እጅ ነው፤ ድሮም የሷ ነው። እሷን ጠይቋት።»

ሰርክአዲስ የያዘችውን የነጠላ ጫፍ ቀስ ብላ ለቀቀችው። መምሬ የኔሰው ዳዊታቸውን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ማኅደራቸው ሰደው እዚያው ተዉት። ምሥራቅ ይኼን ቃል ስትጠብቅ ስንት ደብረ ዘይት አልፏል፤ ቢባል እንዲህ እላለሁ፣ እንዲህ አደርጋለሁ ስትል ኖራለች። አሁን ሲባል ማሰሮዋን እንደታቀፈች የምትገባበት ጠፋት። ልትናገረው ያለችው ነገር ጉሮሮዋ ላይ እንደቀረ አሳፈራት።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደሷ ዞሩ።

«እንግዲያውስ ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ደርሷል ወይ?»

ማሰሮውን አስቀመጠች። ሰው ቁራሽ ዳቦ አቀበላት። ከማሰሮው ነክራ ጎረሰች፣ አላመጠች፤ ሳይታወቃትም ወደ ላይ አየች። ኮምጣጣነቱ ልክ ነው። ሰናፍጩ ልክ ነው። ጤና አዳሙ አለ፣ ሱፉ አለ። የቀረው ግን ቀርቷል፤ ማለዳ እጇን ያሰራት ነገር እዚያው ምላሷ ላይ ጉድ አደረጋት። መዋሸት ትችል ነበር። አላስችላት አለ።

«ደርሷል» አለች። ዋጠችና ቀጠለች። «ጨው ግን ይቀረዋል።»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ የኔሰው ናቸው። ከዚያ ወይራው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ፤ መሪጌታ ጠላቸውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ያዙ፣ ሰርክአዲስ እንኳ ሳትወድ ሳቀች። እማሆይ የሰናፍጩ እንባ ሳይደርቅ በሳቅ እንባ ታጠቡ። ምሥራቅ ብቻ ፊቷ እንደቀላ፣ ወይ አበሳዬ፣ ይኼንንስ ለምን ተናገርኩት እያለች ቆማ ቀረች።

እማሆይ ሳቃቸው በረድ ሲል የነጠላቸውን ጫፍ ይፈቱ ጀመር። ጣታቸው ደክሟልና ቋጠሮዋ ቶሎ አልፈታ አለች፤ ሰርክአዲስ ልታግዛቸው እጇን ብትሰድ ገፋ አደረጓት። ጨው ያለባትን ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው እንደተቋጠረች ለምሥራቅ ዘረጉላት።

«በይ እንኪ፣ አንቺው ጨምሪበት» አሉ። «ያን ሁሉ ጊዜ ስነግርሽ!»